ከአልጋው አጠገብ የሚነሣ ጥያቄ፦ የሬዚደንቶች የምርምር ቀን ይቅር ለሚሉ የተሰጠ ምላሽ

ዓመታዊው የሰልጣኞች የምርምር ቀን በሕፃናት ሆስፒታሎችና በማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሕፃናት ክፍሎች የቆየ ልማድ ነው። ሬዚደንቶች፣ ማለትም ለስፔሻሊቲ የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ በዋርድ ሥራ መካከል ያጠኑትን ይዘው ይቀርባሉ፤ መምህራን ይጠይቃሉ፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፤ በመጨረሻም የተሻለ የተባለው ሥራ ይሸለማል። በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች የታወቀ ሥርዓት ነው። በአገራችንም የስፔሻሊቲ ትምህርት የመመረቂያ ጥናት ስለሚጠይቅ ቀኑ በአንድም በሌላም መልክ ይከበራል። ስለ ጥቅሙ ግን በሐኪሞች ዘንድ እየጠነከረ የመጣ አስተያየት አለ። ቀኑ ለወግ የሚደረግ ነው፤ ሬዚደንት ሕመምተኛውን ይመርምር፣ ምርምሩን ለተመራማሪ ይተው የሚል ነው።

ይህን የሚሉ ሰዎች የዕውቀት ጠላቶች አይደሉም። ብዙዎቹ ሬዚደንቶችን ያማከሩ፣ ደካማ ጥናት ሲያርሙ ያመሹ መምህራን ናቸው። ስለዚህ ክርክራቸውን በሚገባው ክብደት አስቀምጬ ልመልስ። በእኔ እምነት የሚያነሡት ጉድለት እውነት ነው። ከጉድለቱ ተነሥተው የሚሰጡት ፍርድ ግን ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም ቀኑን የሚመዝኑት ጆርናል በሚመዘንበት ሚዛን ነው። የምርምር ቀን ሆስፒታሉ በራሱ ሥራ ላይ የሚነሣን ጥያቄ ተቀምጦ የሚሰማበት ቀን ነው። መመዘን ያለበትም በቀጣዩ ዓመት በዋርዱ ውስጥ በተለወጠው ነገር ነው።

የክርክሩ ሦስት ነጥቦች

አንደኛው የጥራት ጉዳይ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዳግላስ አልትማን እ.ኤ.አ. በ1994 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጣው ዝነኛ ርእሰ አንቀጽ፣ ሐኪሞች በቂ ሥልጠና ሳይኖራቸው ለሙያ ዕድገት ሲሉ ምርምር ውስጥ መግባታቸው ለደካማ ጥናት መብዛት ትልቅ ምክንያት እንደሆነ ተከራክሯል። መፍትሔ ያለውም የጥናቱ ብዛት ቀንሶ ጥራቱ እንዲጨምርና ለትክክለኛ ዓላማ እንዲሠራ ነው። የእኛን አገር የመመረቂያ ጥናቶች ርእስ ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። የአንድ በሽታ ‹‹መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች››፣ በአንድ ሆስፒታል፣ ከዚህ ወር እስከዚያ ወር። መረጃው ከካርድ ክፍል ከወጡ፣ በከፊል ብቻ ከተሞሉ ካርዶች ይለቀማል። ናሙናው ትንሽ ነው፤ ማጠቃለያውም ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብሎ ይዘጋል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 67ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህም 29ኙ የመጀመሪያውን ወር አያልፉም ነበር። እንዲህ ባለ አገር፣ ተረኛው ሬዚደንት ከድንገተኛ ክፍል ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲሯሯጥ በሚያድርበት ሆስፒታል፣ መጠይቅ መሙላትና ስላይድ ማሳመር ቅንጦት ነው ይላሉ።

ሦስተኛው የውጤት ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሥራ ከዚያች ቀን አያልፍም። በጉባኤዎች ላይ በአጭሩ የቀረቡ ከ300,000 በላይ ጥናቶች የት እንደደረሱ የተከታተለው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ግምገማ፣ በሙሉ ጽሑፍ የታተሙት 37 ከመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎች በሚሳተፉባቸው ጉባኤዎች እንዲህ ከሆነ፣ የሬዚደንት ጥናት መደርደሪያ ላይ ቢቀር አይገርምም። ያልታተመ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ድካሙ ከንቱ ነው የሚል መደምደሚያ ይከተላል።

የጀግና ታሪክ መልስ አይሆንም

የቀኑ ወዳጆች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት የተለመደ መልስ የጀግና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋና ሬዚደንት የነበረው ሮበርት ግሮስ፣ አለቃው በሌለበት ወቅት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቀዶ ሕክምና አደረገላት። እንደተወለደች ሊዘጋ ሲገባው ክፍት የቀረውን፣ ከልብ የሚወጡትን ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች የሚያገናኝ ቧንቧ ቋጠረላት። አብሮ በሚወለድ የልብ ችግር ላይ የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም ከዚህ ቀን ወዲህ ሌላ መልክ ያዘ። ታሪኩ ያስደንቃል። ነገር ግን አንድ ሰልጣኝ ታሪክ ስለሠራ የቀሩት ሁሉ ጥናት ይሥሩ ማለት አያስኬድም። አልትማንም በዚህ አይረታም። እኔ የምነሣው ከሌላ ቦታ ነው፤ በሆስፒታል ውስጥ ጠቃሚ ጥያቄ ከማን ዘንድ እንደሚነሣና ማን እንደሚሰማው።

እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ በሚገኘው የሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል የምትመራው ነርስ ጂን ዋርድ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ሕፃናቱን ወደ ግቢው ታወጣቸው ነበር። አንድ ቀን በራውንድ ላይ ለነበሩት ሐኪሞች አንድ ቢጫነት የነበረበትን ሕፃን ገልጣ አሳየች። ፀሐይ ያገኘው ገላው ቢጫነቱ ቀንሶለታል፤ በጨርቅ ተሸፍኖ የቆየው ቦታ ግን አሁንም ቢጫ ነው። በኋላም ቢጫነቱን ለሚያመጣው ለቢሊሩቢን ምርመራ የተወሰደ ደም ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ ሲለካ ከተጠበቀው በጣም ያነሰ መጠን ተገኘበት። በሆስፒታሉ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ክሬመር ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን በጥንቃቄ ፈተሸ፤ ብርሃን የሚሰጥ መሣሪያ አሠርተው ሕፃናቱን በዚያ ሥር አስተኟቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ታተመ። ዛሬ በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ውስጥ የምናየው የፎቶቴራፒ ብርሃን ከዚህ የመጣ ነው።

ነርሷ የተመራማሪነት ማዕረግ አልነበራትም። የነበራት በሕፃናቱ አጠገብ ያሳለፈችው ሰዓት ነው። የሆስፒታሉ ድርሻ ደግሞ ያየችውን ሰምቶ መፈተሽ ነበር። ሬዚደንትም ያለው እንዲሁ ባለ ቦታ ላይ ነው። አማካሪ ሐኪሙ ሕፃኑን በጠዋት ራውንድ ያየዋል፤ ሬዚደንቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ያየዋል። ከማዋለጃ ክፍል የመጣው ጨቅላ ሲደርስ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ፣ የታዘዘው አንቲባዮቲክ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደተሰጠ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ ሌላ ሲሊንደር ለማምጣት ምን ያህል እንደሚፈጅ፣ እናቲቱ መድኃኒት ከውጭ ግዢ ተብላ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን ዕውቀት ወደ ጥያቄ፣ ጥያቄውን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ውሳኔ የሚያሻግር መድረክ ከሌለ፣ ሬዚደንቱ ተመርቆ ሲሄድ ያየው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ስለ ጥራት

ጥናት በአንድ ሆስፒታል ስለተሠራና ውድ መሣሪያ ስለሌለው ብቻ ደካማ አይሆንም። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል በፕሮፌሰር ሉሉ ሙሄና በባልደረቦቻቸው ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት የታተመውን ጥናት እንውሰድ። ጥያቄው በዚያ ሆስፒታል የሚሠራ ማንኛውም ሐኪም በየቀኑ ከሚያየው ነገር የወጣ ነው። በሳምባ ምች የሚተኙ ብዙ ሕፃናት አጥንታቸው የፀሐይ ብርሃንና የካልሲየም እጥረት በሚያስከትለው በሪኬትስ የተጎዳ ነው፤ ሁለቱ ግንኙነት አላቸው ወይ? ተመራማሪዎቹ ሳምባ ምች የያዛቸውን 500 ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ሳምባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከመጀመሪያዎቹ 210ሩ፣ ከሁለተኞቹ ግን 20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ ተገኘባቸው። ሌሎች ምክንያቶች በስሌት ከተጣሩ በኋላም የሁለቱ በሽታዎች ግንኙነት እጅግ ጠንካራ ሆኖ ቀረ። ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልሎ ከፀሐይ በሚሸሸግበት ከተማ፣ የሳምባ ምችን ለመከላከል ከፀሐይ ብርሃንና ከካልሲየም ጭምር መነሣት እንደሚገባ ያሳየ ሥራ ነው።

ይህን ጥናት ያጠነከረው የጥያቄው ጥራትና የማነጻጸሪያው አመራረጥ ነው። ሁለቱም ሬዚደንት ሊማራቸው የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ‹‹መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች›› የሚለው ርእስ የበዛው ሰልጣኙ ማሰብ ስላቃተው አይመስለኝም። ርእስ እንዲመርጥ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ አማካሪው ሥራ ይበዛበታል፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የሚጠራውም መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። የአልትማን ትችት የሚያርፈው በዚህ አሠራር ላይ ነው። እሱ የጠየቀው የተሻለ ምርምር ነው፤ ከአልጋው አጠገብ የሚነሣው ጥያቄ ዝም እንዲል አልጠየቀም።

የናሙና ማነስም መፍትሔ አለው። በእንግሊዝ አገር የዌስት ሚድላንድስ የቀዶ ሕክምና ሰልጣኞች እ.ኤ.አ. በ2007 የምርምር ኅብረት መሠረቱ። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ጥናት ከሚሠራ አንድ ጥያቄ መርጠው በጋራ ያዙ፤ በሆድ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የቁስሉን ጠርዝ የሚሸፍን የፕላስቲክ መከላከያ ኢንፌክሽን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? በ21 ሆስፒታሎች 760 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት መድበው ተከታተሉ። መከላከያው ከተደረገላቸው 24.7 ከመቶ፣ ካልተደረገላቸው 25.4 ከመቶ ኢንፌክሽን ያዛቸው፤ ማለትም መሣሪያው ጥቅም አልሰጠም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ፤ የታተመውም አልትማን ቅሬታውን ባሰማበት በዚያው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል ሰልጣኞች በምርምር ሠርተው አሳዩት።

በእኛም አገር ሆስፒታሎች ተባብረው ሲያጠኑ ምን እንደሚገኝ ታይቷል። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ሕመምና ሞት ላይ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄደው ጥናት፣ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተኙ 3,852 ሕፃናትን ተከታትሎ 1,109ኙ ወይም 29 ከመቶው መሞታቸውን መዝግቧል። ከሞቱት 45 ከመቶው በሳምባ አለመዳበር በሚመጣ የመተንፈስ ችግር፣ 30 ከመቶው በኢንፌክሽን፣ 14 ከመቶው በወሊድ ጊዜ በመታፈን ነው። ካርድ ላይ ‹‹ያለ ጊዜው የተወለደ›› ብሎ መጻፍ የሚሸፍነውን ነገር እነዚህ ቁጥሮች ከፍለው አሳይተዋል። አንደኛው የመተንፈሻ እርዳታ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የእጅ መታጠብንና የአንቲባዮቲክ ሰዓትን፤ ሦስተኛው የማዋለጃ ክፍሉን ዝግጁነት። በየሆስፒታሉ የሚገኙ ሬዚደንቶች በአንድ ዓይነት ቅጽ ይህን እየተከታተሉ ቢመዘግቡ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ጥናት የአንድ ትልቅ መልስ አካል ይሆናል።

ስለ ጊዜ

ምርምር ሬዚደንቱን ከሕመምተኛው ይወስደዋል የሚለው ስጋት ከልብ የመነጨ ነው። ነገር ግን በቅርብ ሆኖ ማከም ብቻውን ሕፃኑን ከስሕተት እንደማያድነው የሚያስተምር ከባድ ማስረጃ በምሥራቅ አፍሪካ ተገኝቷል። ትኩሳት ይዞት የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ሕፃን ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት መስጠት ለረጅም ጊዜ የታመነበት ሕክምና ነበር። በካትሪን ሜይትላንድ መሪነት በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ፊስት የተሰኘ ሙከራ 3,141 እንዲህ ያሉ ሕፃናትን በዕጣ መደበ። ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት 10.5 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው መካከል የሞቱት 7.3 ከመቶ ነበሩ። ሙከራው ካሰበው ቁጥር ሳይደርስ እንዲቆም ተደረገ።

በአልጋው አጠገብ የቆመ ሐኪም ይህን በዓይኑ ሊያየው አይችልም ነበር። ፈሳሹ ሲገባ የብዙዎቹ ሕፃናት የደም ዝውውር መጀመሪያ ላይ የተሻለ ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆጥሮ ላነጻጸረ ብቻ ነው። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ሙከራው በተቅማጥ የተጎዱትንና ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት አላካተተም። ውጤቱን ከአርእስቱ ብቻ ያነበበ ሰልጣኝ በተቅማጥ ፈሳሹ አልቆ ለሞት የቀረበውን ሕፃን ፈሳሽ ሊነፍገው ይችላል። ጥናቱ ስለ ማን እንደሚናገርና ስለ ማን እንደማይናገር መለየት የሚለመደው ራስ ጥናት ሠርቶ፣ ማን ይካተት ማን ይቅር ብሎ ወስኖ፣ በሰው ፊት ተጠይቆ ነው። የምርምር ቀን የሚያሠለጥነው ይህን ዓይን ነው፤ በማግስቱ ወደ ዋርድ የሚመለሰው ሬዚደንትም ይዞት የሚመለሰው ይህንኑ ነው።

ይህን ስል የሰልጣኙ ድካም አይታየኝም ማለቴ አይደለም። ሌሊት ሙሉ ተረኛ ሆኖ ያደረን ሰው በቀረችው ሰዓት ጥናት ሥራ ማለት ግፍ ነው። ለምርምር የተለየ ጊዜ በፕሮግራም ተጽፎ ሊሰጠው፣ በዚያ ጊዜም ሌላ ሰው ዋርዱን ሊሸፍንለት ይገባል። ጊዜ ሳይሰጡ ጥናት መጠየቅ ደካማ ጥናት መጠየቅ ነው።

ስለ ኅትመት

ሦስተኛው ነጥብ ላዩን ሲያዩት የማይመለስ ይመስላል፤ ዋናው ስሕተት ያለው ግን እዚህ ነው። አንድ ጥናት ባይታተም ዋጋ የለውም የሚለው ሚዛን ጆርናሎች ምን እንደሚመርጡ ይረሳል። ያው የኮክሬን ግምገማ እንዳሳየው የተሳካ ውጤት ያገኙ ጥናቶች ካላገኙት ይልቅ የመታተም ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ሞክረን አልሠራም የሚለው ቃል፣ ለሐኪም እጅግ አስፈላጊው ቃል፣ በኅትመት በኩል ሲመጣ ይመነምናል። በምርምር ቀን ግን ሙሉ ድምፅ ሊያገኝ ይችላል።

ከዚህም በላይ ለሆስፒታሉ የሚጠቅመውና ለዓለም የሚጠቅመው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በአንድ ሆስፒታል የደም ውስጥ ኢንፌክሽን የተጠረጠረበት ጨቅላ የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መጠን እስኪያገኝ ስንት ሰዓት ይፈጃል? መዘግየቱ ከላቦራቶሪ፣ ከፋርማሲ ወይስ ከነርሶች ማነስ ይመጣል? ለዚህ መልስ ቦታ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ጆርናል ማግኘት ይከብዳል። ለዚያ ሆስፒታል ግን ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት የለም፤ ሌላ ማንም ሊያጠናለትም አይችልም። ይህን ያጠናው ሬዚደንት ጽሑፉ ባይታተምም፣ የመጀመሪያው መጠን በድንገተኛ ክፍሉ ተዘጋጅቶ እንዲቀመጥ ካስደረገ፣ ምርምሩ ዳር ደርሷል። ካላስደረገ ግን ቢታተምም ለዚያ ክፍል ሕፃናት ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ሥራ ነው።

የሕፃናት ምርምር ሌላም ግዴታ አለበት። ሕፃን በራሱ አንደበት ፈቃዱን አይሰጥም፤ እናትና አባት ናቸው በጭንቅ ሰዓታቸው የሚፈቅዱለት። ካርዱ ሲገለበጥም በዚያ ውስጥ ያለው የአንድ ቤተሰብ መከራ ነው። ከሕፃን የተወሰደ መረጃ አደራ ነው። ተሰብስቦ፣ ተተንትኖ፣ ቀርቦ፣ ተጨብጭቦለት ከተረሳ አደራው ተበልቷል። ስለዚህ ቀኑ ይሻሻል የሚለው ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄም ነው።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ማሻሻያ በጥያቄው ምንጭ ላይ ነው። የሕፃናት ክፍሎች የሞት ግምገማ ስብሰባ ያደርጋሉ፤ አንድ ሕፃን ለምን እንደሞተና ምን ቢደረግ ይድን እንደነበር ይወያያሉ። በዚያ ስብሰባ ደጋግሞ የሚነሣው ችግር የሬዚደንቶች የጥናት ርእስ ይሁን። ያኔ ርእስ ፍለጋ ከቀድሞ ጥናቶች ዝርዝር ላይ የበሽታ ስም መለወጥ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ርክክብ ነው። በሦስት ዓመት ሥልጠና አንድ ሰው ብቻውን ለክቶ፣ አሻሽሎ፣ ተመልሶ ለመለካት ጊዜ ያጥረዋል። አንዱ ባች ችግሩን ይለካ፤ ተከታዩ መፍትሔ ይሞክር፤ ሦስተኛው ለውጡን ይመዝን። የቀዳሚዎቹም ስም አብሮ ይነሣ። የስታቲስቲክስ ባለሙያው በፕሮፖዛሉ ጊዜ ከመጀመሪያው ይቀመጥ።

ሦስተኛው የዳኝነቱ ጉዳይ ነው። ሽልማቱ የሚሰጠው ስላይዱ ላማረ ወይም የስሌት ቁጥሩ ጎላ ላለ ሰው ከሆነ ሰልጣኙ ያንን ይማራል። ጥያቄው ለዋርዱ ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ድክመቱ በግልጽ እንደተነገረ፣ ያልተሳካው እንዳልተደበቀ ይታይ። ከዳኞቹ መካከልም በክፍሉ የሚሠሩ ነርሶች ይኑሩ፤ የሮችፎርድ ታሪክ ለዚህ በቂ ምክንያት ነው። ያላለቀ ጥናትና ፕሮፖዛልም የሚቀርብበት ሰዓት ይመደብ፤ ስሕተት ቶሎ የሚታረመው ሥራው ገና ሲጀመር ነውና።

አራተኛው የሁሉ ማሰሪያ ነው፤ ለቀረበው ሁሉ መልስ የመስጠት ግዴታ። ቀኑ ለወግ የሆነው ሬዚደንቶቹ ስለደከሙ ብቻ አይመስለኝም። ባለፈው ዓመት የተናገሩት ምን ላይ እንደደረሰ የሚነግራቸው ሰው ስለሌለም ነው። ሥራው እንደማይደመጥ ያወቀ ሰው ለመመረቂያ የሚበቃውን ያህል ሠርቶ ያልፋል። የሚደመጥ መሆኑን ካወቀ ግን ተጠንቅቆ ይሠራል።

ስለዚህ ቀኑ ይቅር ለሚሉ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከመሰረዙ በፊት ይህን አንድ ነገር እንሞክር። የዘንድሮው ፕሮግራም ሲወጣ የመጀመሪያው ተራ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይሰጥ። አምና ከቀረቡት ጥናቶች የትኛው ሥራ ላይ እንደዋለ፣ የትኛው እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረም በሬዚደንቶቹና በነርሶቹ ፊት ይናገሩ። ይህን መናገር የቻለ ክፍል ቀኑ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብሎ አይከራከርም። መናገር ያልቻለ ክፍል ደግሞ መታረም ያለበት ከሰልጣኞቹ በፊት የራሱ አሠራር መሆኑን ይረዳል።